ጊታርን ለፍቅር ስለ መጫወት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)




ማኅበራችን ስለ ክላሲካል ጊታር እንድንናገር ይህን ምሽት ስለ ሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። በፊታችሁ የቆምነው እንደ ዐዋቂ ሆነን አይደለም። ከመካከላችን በሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለፈ አንድም የለም፤ አንዳችን የሕግ፥ አንዳችን የምሕንድስና፥ ሌሎቻችንም የታሪክና የሒሳብ ተማሪዎች ነን። ማታ ማታ ከጥናት በኋላ ሁለት ጊታር ለአምስት ሰው እየተቀባበልን በመኝታ ቤታችን እንለማመዳለን። እንድንናገር ያነሣሣን ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፥ «መድረክ የማትወጡበት፥ ገንዘብ የማታገኙበት፥ ማርክም የማይሰጥበት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማችኋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ይልቁንም በድኻ ሕዝብ ገንዘብ ለሚማር ሰው እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በቀልድ ልናልፈው አልወደድንም።

መልሳችንን በአጭሩ አስቀድመን እንናገርና በኋላ እንዘረዝረዋለን። ጊታር በተፈጥሮው የትንሽ ክፍል መሣሪያ ነው፤ ለእርሱ ከተጻፈውም ሙዚቃ ብዙው በቤቱ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው የተጻፈ ነው። ስለዚህ ለፍቅር ብቻ የሚጫወት ሰው በጊታር ቤት ባለቤት ነው እንጂ በር ላይ ቆሞ የሚለምን እንግዳ አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። «አማተር» የሚለው ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ ፍቺውም ወዳጅ፥ አፍቃሪ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲገባም ይህንኑ ፍቺ ይዞ ነበር። በዕለት ንግግራችን ግን ቃሉ ወርዶ ወርዶ «ያልበሰለ» ወይም «ያልተካነ» ለማለት ያህል ሆኗል። እኛ ዛሬ የምንይዘው የቀድሞውን ፍቺ ነው፤ አማተር ስንል ለእንጀራው ሳይሆን ነገሩን ስለ ወደደው የሚሠራውን ሰው ማለታችን ነው።

«ክላሲካል ጊታር» ስንልም በየባንዱ የምናየውን በኤሌክትሪክ የሚጮኸውን ጊታር ማለታችን አይደለም። ይኸኛው ሆዱ ባዶ የሆነ የእንጨት ሣጥን ነው። ከስድስቱ ክሮች ሦስቱ ቀጫጭኖች ናይሎን ናቸው፤ ሦስቱ ወፋፍራሞች ግን በቀጭን የብረት ሽቦ የተጠመጠሙ ናቸው። ከወፍራሙ ተጀምሮ ሲቃኝ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ይላል። የግራ እጅ ጣቶች በአንገቱ ላይ ክሩን እየተጫኑ ያሳጥሩታል፤ ክሩ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ቀኝ እጅ ደግሞ መምቻ ሳይዝ በጣትና በጥፍር ይጫወታል፤ አውራ ጣት ወፍራሙን ድምፅ ሲጠብቅ፥ ጠቋሚው፥ የመሃሉና የቀለበት ጣት ዜማውን ይይዛሉ። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ደስታ ከዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ያሰማል፤ አንዱ ከላይ ይጠይቃል፥ ሌላው ከታች ይመልሳል።

ለፍቅር መጫወት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪው በማሲንቆው እንጀራውን ይበላል፤ ሙያውም ሊከበር የሚገባው ሙያ ነው። የበገና መንገድ ግን ሌላ ነው። ዐሥር አውታር ያለው በገና ለጭፈራ አይደረደርም፤ ካህኑም፥ መኰንኑም፥ ወይዘሮዪቱም በየቤታቸው፥ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፥ ለጸሎትና ለተመስጦ ሲደረድሩት ኖረዋል። ድምፁ ዝቅ ያለና እንደ ንብ የሚያጕረመርም ስለ ሆነ ሰሚው ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። በጾም ማታ በቤቱ በገና የሚደረድረውን ሽማግሌ፥ «መድረክ ላይ የሚወጡት መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ነገሩ በራሱ ሙሉ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበርና ነው። እኛም ስለ ጊታር የምንለምነው ይህንኑ ማስተዋል ነው።

አሁን ወደ ጊታር ታሪክ እንለፍ፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጊታር በፓሪስና በቪየና በብዙ ቤት የተወደደ መሣሪያ ነበር። በባርሴሎና የተወለደው ፈርናንዶ ሶር (1778–1839) በፓሪስ ተቀምጦ ሲያስተምር ቀላል ሙዚቃ ብቻ የሚፈልጉ ተጫዋቾች ብዛት ሳያስመርረው አልቀረም። በሥራ ቍጥር 45 ያሳተማቸውን ስድስት ትንንሽ ሙዚቃዎች ትዕግሥቱ ከሁሉ ላነሰው ሰው አበርክቻለሁ ሲል ቀልዷል። ቀልዱ የተነገረው እንደ እኛ ባሉት ላይ ነው። ነገር ግን ሶር ቀልዶ ብቻ አልተወንም፤ በሥራ ቍጥር 60 ለጀማሪ የሚሆኑ 25 ትምህርቶችን ጽፏል። የመጀመሪያው አንድ ድምፅ ብቻ እየተከተለ የሚሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ድምፅ ይጨመራል፤ እንዲህ እያለ ተማሪው ሳይታወቀው ወደ እውነተኛው ሙዚቃ ይገባል። ጣልያናዊው ማቴዎ ካርካሲም (1792–1853) እንዲሁ 25 ልምምዶችን አሳትሟል፤ የእርሱም የሥራ ቍጥር 60 ስለ ሆነ፥ ጀማሪ መጽሐፍ ሲፈልግ ሁለቱን እንዳያደባልቃቸው ያስጠነቅቋል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። እነዚህ ትምህርቶች የጣት ማፍታቻ ብቻ አይደሉም። ታላቁ ሰው ለትንሹ ሰው ሲጽፍ የተበላሸውን ቍራጭ አልሰጠውም፤ አጭርና ቀላል ቢሆንም ሙሉ የሆነ ነገር ሰጠው። ከዚያው ዘመን ደግሞ ሌላ ምስክር አለን። በቫዮሊኑ አውሮፓን ያስደነቀው ኒኮሎ ፓጋኒኒ (1782–1840) ጊታርም ይጫወት፥ ለጊታርም ብዙ ይጽፍ ነበር፤ ሆኖም መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣው ቫዮሊኑን ነበር። እንግዲህ ጊታሩ ለራሱና ለወዳጆቹ ነበር ማለት ነው። ሶርም ቢሆን ከጓደኛው ከዲዮኒሲዮ አጓዶ ጋር ለሁለት ጊታር የሚሆን ሙዚቃ ጽፎ ስሙን «ሁለቱ ወዳጆች» ብሎታል። አጓዶ በጥፍሩ ሲጫወት ሶር በጣቱ ሥጋ ይጫወት ነበር፤ በዚህ ባይስማሙም ጐን ለጐን ተቀምጠው አብረው ተጫውተዋል።

ከዚያ በኋላ ፒያኖ እየበረታ፥ አዳራሾችም እየሰፉ ስለ ሄዱ የጊታር ድምፅ ለዘመኑ አነሰ፤ ከታላላቅ መድረኮችም ወደ ኋላ ቀረ። ሆኖም አልሞተም፤ በየቤቱ የሚወዱት ሰዎች ነበሩትና። በዚህ ዘመን ስፓኛዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) የጊታርን ቅርጽ አስፍቶ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው። ቶሬስ በ1862 ጐኑንና ጀርባውን ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል፤ ይህንም ያደረገው ድምፁን የሚወልደው በተለይ የፊቱ ስስ ሰሌዳ መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህ ነገር እንደ እኛ ላለ ድኻ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው፤ አሮጌ ጊታር ሲገዛ ከጌጡና ከቀለሙ ይልቅ የፊቱ ሰሌዳ እንዳልተሰነጠቀ፥ አንገቱም እንዳልጐበጠ ማየት አለበት።

ፍራንሲስኮ ታሬጋ (1852–1909) ደግሞ በትልቅ አዳራሽ ከመጫወት ይልቅ በጥቂት ወዳጆቹ መካከል መጫወትን የሚመርጥ ሰው ነበር። «ላግሪማ»፥ ማለት «ዕንባ»፥ የተባለችው ሙዚቃው በአንድ ገጽ ላይ የምታልቅ ናት። በብሩህ ቅኝት ትጀምራለች፤ ከመካከሏ ወደ ኀዘን ትወርዳለች፤ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ብርሃን ትመለሳለች። የሚገርመው ዕንባው የመጣው በኀዘኑ ክፍል ሳይሆን ብርሃኑ በተመለሰ ጊዜ መምሰሉ ነው። ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ደጋግመን በመጫወት ነው። የደራሲዋ ማንነት እስከ ዛሬ ያከራከረው «ሮማንስ» የተባለው የታወቀ ዜማ ደግሞ መንገዱን ገልብጦ ይሄዳል፤ በኀዘን ይጀምራል፥ ወደ ብርሃን ይወጣል፥ ወደ ኀዘኑም ይመለሳል። ናርሲሶ ዬፔስ በ1952 በወጣ የፈረንሳይ ፊልም ውስጥ ከተጫወተው ወዲህ በዓለም ሁሉ የጊታር ጀማሪ የሚመኘው ዜማ ሆኗል። ሁለቱን ጐን ለጐን የተማረ ሰው ቅኝት በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ ብዙ ንግግር ሳያስፈልገው ይገባዋል።

ጊታርን ወደ ታላላቅ አዳራሾች የመለሰው አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987) መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እርሱም ከመምህር ይልቅ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነበር። የታወቁ ደራሲዎችን እየለመነ ለጊታር አስጽፏል፤ ብራዚላዊው ኤይቶር ቪላ ሎቦስ 12ቱን ልምምዶች ያበረከተለት ለእርሱ ነው። በ1945 ደግሞ ከሶር ልምምዶች 20ውን መርጦ አሳትሟል፤ ስለዚህ በአዳራሽ የነገሠው ሰው እንኳ ለቤት ተጫዋች የተጻፈውን አልናቀም። ያን ጊዜም ቢሆን የመሣሪያው ጠባይ አልተለወጠም። ዓይነ ስውሩ ዮአኪን ሮድሪጎ በ1939 ለጊታርና ለኦርኬስትራ በጻፈው በታወቀው ኮንሰርቶ ውስጥ ጊታሩ ሲናገር ሌሎቹን መሣሪያዎች ዝቅ ማድረግ አስፈልጎታል። ጊታር ሲጮኹበት አይመልስም፤ ዝም ሲሉለት ግን ብዙ ይናገራል።

እንግዲህ ተጫዋቹ እንዴት ይለማመድ? እኛ በሠራንበት መንገድ በአጭሩ እናቅርብ።

በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ መሆን አለበት። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ከመተው፥ በየማታው ግማሽ ሰዓት መሥራት ይሻላል፤ ጣት እንደ ልጅ ነው፥ ቶሎ ይረሳል። የግራ እግር ከፍ እንዲል የእግር ማሳረፊያ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ወይም አንድ ጡብ ይበቃል። የመኝታ ቤት ጓደኛ ከተኛ ከክሮቹ ሥር በስተ ታች በኩል የተጣጠፈ ጨርቅ ቢገባ ድምፁ ይታፈናል፤ እንዲህ ተደርጎ እስከ እኩለ ሌሊት ቢለማመዱ የሚቈጣ የለም።

ለቀኝ እጅ ማውሮ ጁልያኒ (1781–1829) በሥራ ቍጥር 1 ያወጣቸው 120 ልምምዶች አሉ። በነዚህ ውስጥ ግራ እጅ ሁለት አያያዝ ብቻ እየቀያየረ ያርፋል፤ ቀኙ ግን በ120 ዐይነት አሰላለፍ ክሮቹን ይነካል። በቀን ሁለት ወይም ሦስቱን መሥራት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ቀስ ማለት ነው። ሙዚቃው ከሚጠይቀው ፍጥነት ግማሽ በሆነ ፍጥነት ያልተስተካከለ ነገር በሙሉ ፍጥነት ሊስተካከል አይችልም። አስቸጋሪዋን አንዲት መስመር ለይቶ ለብቻዋ መሥራት ይገባል፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እየጀመሩ እዚያችው ላይ መሰናከል ልምምድ አይባልም። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለጊታር ተማሪ ያሉት ይመስለናል።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ከዮሐን ሴባስትያን ባኽ (1685–1750) ሥራዎች በሚ ቅኝት የተጻፈችውን ትንሽ የጭፈራ ሙዚቃ፥ «ቡሬ» የምትባለውን፥ መሞከር ይቻላል። ባኽ ለጊታር አልጻፈም፤ ይህች ሙዚቃ ግን በሁለት ድምፅ ብቻ የተሠራች ስለ ሆነች ለስድስቱ ክሮች የተስማማች ናት። መጀመሪያ የላዩን ድምፅ ብቻ፥ ቀጥሎ የታቹን ብቻ መጫወት፥ ከዚያም የታቹን እየተጫወቱ የላዩን በአፍ ማዜም ይገባል። ሁለቱ ድምፆች አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ በተሰሙ ቀን ሰው ሌላ ጆሮ እንደ ተተከለለት ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ የማንንም ሙዚቃ ሲሰማ የታቹን ድምፅ መፈለግ ይጀምራል።

ይህም ወደ ትልቁ ጥቅም ያደርሰናል። ዛሬ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ሁሉ በስልካችን ይሰማሉ። አንዳንድ ጓደኛችን እነርሱን ሰምቶ የራሱን ጣት ሲያይ ያፍርና ጊታሩን ያስቀምጣል። እኛ ግን ነገሩን በሌላ መልክ እናየዋለን። አንድን ሙዚቃ ሦስት ወር የታገለበት ሰው ያንኑ በሊቅ እጅ ሲሰማ፥ የት ላይ ጣት እንደሚከብድ፥ የት ላይ ትንፋሽ እንደ ተያዘ፥ የትኛው ድምፅ ሆን ተብሎ እንደ ዘገየ ያውቃል። ሌላው ሰው የሚሰማው ጣፋጭ ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን የተደረገውን ምርጫ ይሰማል። መሬት አርሶ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ማሳ ሲያይ ከመንገደኛ የተለየ ነገር ያያል። እንግዲህ የአማተር ድካም ከሊቁ ጋር ለመወዳደር ሳይሆን ሊቁን ለመስማት ነው። ሊቁም ቢሆን እንዲህ ያለ ሰሚ ከሌለው ለማን ይጫወታል?

አሁን ተቃውሞዎቹን እንመልከት። አንደኛው፥ «የራሳችን ክራር እያለ የውጭ መሣሪያ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክራር አንገት የለውም፤ እያንዳንዱ ክር በተቃኘበት ድምፅ ይናገራል፤ ሲገረፍም የማይፈለገውን ክር ግራ እጅ ያፍነዋል። በጊታር ግን ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ይወጣል። ሁለቱ ጥበቦች ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካውም፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ያስከብረዋል። የትዝታን ቅኝት፥ ማለት ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላን፥ በጊታር ላይ ፈልጎ ያገኘ ተማሪ አምስቱ ድምፆች ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚናገሩ ይገባዋል፤ ወደ ክራሩም የሚመለሰው በበለጠ አክብሮት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በመጀመሪያ ያነሣነው ነው። «ገበሬው ግብር ከፍሎ ያስተምራችኋል፤ እናንተ ክር ትነካካላችሁ» ይሉናል። ይህን ስንሰማ ዝም የምንልበት ጊዜ አለ፤ ነገሩ እውነት ያለበት ነውና። የሕዝቡ ዕዳ በጊታር አይከፈልም፤ የሚከፈለው በሥራ ነው። ስለዚህ ፈተና ሲደርስ ጊታሮቻችን ከአልጋ ሥር ይገባሉ፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን እስከ ዛሬ ያደረግነው ሁሉ ለማርክ ነው፤ ከዚህ ስንወጣም ለደመወዝና ለማዕረግ ይሆናል። ሰው ሳያየው፥ ሽልማት ሳይጠብቅ፥ አንድን ነገር ለነገሩ ሲል ብቻ አስተካክሎ መሥራትን መቼ ልንማር ነው? የገጠሩ ሐኪም ማንም ሳይቈጣጠረው ቍስል አጥቦ ሲያስር፥ መሐንዲሱ ከመሬት በታች የሚቀበረውን መሠረት በትክክል ሲሠራ፥ መምህሩ ተቈጣጣሪ በማይደርስበት ትምህርት ቤት ሲያስተምር የሚያስፈልገው ይኸው ጠባይ ነው። ጊታር ይህን ጠባይ በግድ ይሰጣል አንልም። ግን በየማታው ግማሽ ሰዓት ለማንም የማይታይ አንድ መስመር አሥር ጊዜ ማስተካከል፥ የዚህ ጠባይ ትንሽ መለማመጃ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ፥ «ሳትራቀቁበት ከምትቀሩ አለመጀመር ይሻላል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር በሁሉ ነገር ቢሠራበት ሥዕል የሚሥል፥ ቅኔ የሚሞክር፥ ኳስ የሚጫወት ተማሪ ከግቢያችን ይጠፋ ነበር። አንድ ሙዚቃ በደንብ የተጫወተ ሰው አንድ ሙዚቃ አለው፤ ይህንም ማንም አይወስድበትም።

በመጨረሻ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ዘወትር ዐርብ ማታ ከራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የምንቀመጥበት ክፍል ማኅበሩ ቢፈቅድልን፥ ጊታር ያለውም የሌለውም መጥቶ እንዲሰማና እንዲሞክር እንጋብዛለን። ውድድር አይኖርም፤ ጭብጨባም ግዴታ አይደለም። መምህሮቻችንም በቤታችሁ የተቀመጠ የኖታ መጽሐፍ ወይም ክሩ የተበጠሰ ጊታር ካለ፥ አቧራ ከሚጠጣ ለአንድ ተማሪ ቢደርስ ደስ ይለናል። ክፍሉ ጠባብ ቢሆን አይከፋንም፤ ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው መሣሪያው የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።